ኮፈኑን ሳትከፍት ከፈን አትግዛ

ስሙልኝማ ይህን ሰው! «ስፖርት መኪና በርካሽ አገኘሁ! ማዝዳ አርኤክስ-8! ሞተሩ 1.3 ብቻ፤ ነዳጅ የሚባል አይበላም!» እያለ የሜሪላንዱን ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤቶች አዳርሶ ጨረሰ። ስሙን አቶ ቅናሽ እንበለው። በየቡና ቤቱ አንድ አንድ አለ፤ ማንም በስሙ አይቀየም። ኩፔውን ገና ሳይገዛው ኩፍ ብሏል!

ና አቶ ቅናሽ፣ እዚህ ተቀመጥ። ገንዘቡ የላብህ ነው፤ እኔ ደግሞ የሰው ላብ በከንቱ ሲፈስ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። እናንተም ወንበር ሳቡ። ዳኛ ያስፈልገናል።

1.3 አልክ? ቪትዝም እኮ 1.3 አላት! ታዲያ ቁጥራቸው ስለተመሳሰለ ሆዳቸውም እኩል ነው? ቪትዝ ፒስተን አላት። አርኤክስ-8 ፒስተን የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሮተሪ ነው! በሞላላ ቤት ውስጥ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ብረቶች ይሽከረከራሉ፤ እያንዳንዱ በሦስቱም ጎኑ ያቃጥላል። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ያፈለቀው ሐሳብ ነው፤ ማዝዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮስሞ ስፖርትን ይዞ ከወጣ ጀምሮ ሙጭጭ ብሎበታል። አንተ የምትፎክርበት 1.3 ከእያንዳንዱ ብረት የአንድ ጎኑ ሒሳብ ብቻ ነው። የቀሩት ጎኖች በነጻ የሚሠሩ መሰለህ? በአሜሪካ መንግሥት ልኬት ከተማ ውስጥ በአንድ ጋሎን 16 ማይል፣ አውራ ጎዳና ላይ 22 ማይል ገደማ ነው የሚሄደው። ያውም ፕሪሚየም ካልቀረበልኝ ብሎ! የጎረቤትህ ፕሪየስ ከ40 በላይ ይሄዳል። «ነዳጅ አይበላም» ያልከውን ግን እቀበልሃለሁ። አይበላም፤ ይጠጣል!

ብቻውንም አይጠጣም፤ ዘይት ያስከትላል። «ሻጩ ዘይት አይጠጣም ብሎ ምሎልኛል» ትላለህ? ማለልህ? እሰይ፣ በራሱ ላይ መሰከረ! ይህ መኪና የሚያስፈራው ዘይት ያልቀነሰ ዕለት ነው። የብረቶቹ ጫፍ ላይ ቀጫጭን ማሸጊያዎች አሉ። እነሱ እንዳይፋቁ ከሞተሩ ዘይት እየቀዳ የሚረጭላቸው ፓምፕ አለ። ዘይቱ ይረጫል፤ ይቃጠላል፤ ይቀንሳል። ፋብሪካው ሲሠራው እንዲህ አድርጎ ነው። ነዳጅ ሁለት ጊዜ በሞላህ ቁጥር የዘይት መለኪያዋን መዘዝ አድርገህ ማየት ግዴታህ ነው። ዘይት የማይጠጣ አርኤክስ-8 ጿሚ አይደለም፤ ሟች ነው!

«ቀለሙን ብታየው!» ትለኛለህ ደግሞ። ትምህርት ቤት ቀለም አልዘልቅህ ብሎ ዛሬ ነው ቀለም የገባህ? ቀለም አይነዳም! ቸርኬ አይነዳም! ቸርኬው የሚያብለጨልጨው ሻጩ ጠዋት ስላሸው ነው። ኮፈኑን ከፍተኸዋል? አልከፈትከውም። እናንተ ፍረዱ፤ ኮፈኑን ሳይከፍት የገዛ ሰው የገዛው ከፈን ነው! ከ«ሞተር» ላይ «ር» ከወለቀች የሚቀርህ «ሞተ» ነው። ያችን «ር» ይዛ ያቆየችው ደግሞ ኮምፕሬሽን፣ የሞተሩ እምቅ ትንፋሽ፣ ናት።

«ኮፈን ምን ያደርጋል፤ በአንድ ቁልፍ ተነሥቷል!» መቼ ነው የተነሣው? ቀዝቃዛ እያለ! ያረጀ ሮተሪ ጠዋት ጠዋት ያታልላል። የሚዋረደው ሞቆ ጠፍቶ ተነሥ ሲባል ነው። ስለዚህ ስትሄድ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ዳስሰው፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ንዳው። አጥፋው። አምስት ደቂቃ አውራ፤ ማውራት መቼም አያቅትህም። አሁን አስነሣው። ወዲያው ካገሳ ደግ። ሞተሪኖው «እኝኝኝ» እያለ ካለቀሰ ግን ነገ አብረኸው ነው የምታለቅሰው። ሻጩ «ተው፣ አታጥፋው፣ እየሠራ እንነጋገር» ካለህ ደግሞ መልሱን ያለ መካኒክ ሰጥቶሃል።

መካኒክ ግን አይቀርልህም። «ጎረቤቴ መካኒክ ነው፣ ያይልኛል» ብለህ እንዳታደርቀኝ። ጎረቤትህ ካምሪ ያውቃል፤ እጁ ይባረክ። የፒስተን ሞተር የሚለካበት ተራ መለኪያ እዚህ ቤት ያታልላል፤ ከሦስቱ ጎኖች ትልቁን ብቻ አሳይቶህ ሁለቱን ይደብቃል። ሦስቱንም ለየብቻ የሚያነብ የሮተሪ መለኪያ ያለው ጋራዥ ፈልግ። ሲለካ አጠገቡ ቁም። ካንዴላው ይፈታል። መለኪያው በካንዴላው ቀዳዳ ይገባል። ነዳጁ ይቋረጣል። ሞተሪኖው ይዞራል። ጆሮህን አቅና፦ ፉሽ፣ ፉሽ፣ ፉሽ። ፉሽ፣ ፉሽ፣ ፉሽ። ሦስቱም ትንፋሾች እኩል ከወጡ ማሸጊያዎቹ አሉ። ፉሽ፣ ፉሽ ብሎ ሦስተኛው ከተዋጠ ኮምፕሬሽኑ ተሰናብቷል፤ አንተም ተሰናበት። ቁጥርም አለው። በደቂቃ 250 ዙር ላይ ከ6.8 ባር በታች ካሳየ በማዝዳ ልክ ያ ሞተር መታደስ አለበት። ወረቀቱን ተቀበል፤ ቀኑ ተጽፎበት፣ የሁለቱም ብረቶች ስድስት ቁጥሮች ሰፍረውበት። «ጓደኛዬ ለክቶት ጥሩ ነው ብሏል» የሚለው ሻጭ ያለው ጓደኛ እንጂ ወረቀት አይደለም።

«ቢሞትስ፣ ይታደሳል!» ብሎ ደግሞ ተነፈሰ። ተንፍስ፣ ጎማም ይተነፍሳል! ማሳደስ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ብዙ ጊዜ መኪናውን ከገዛህበት አያንስም። በዚያ ላይ ሮተሪ በወጉ የሚያድስ ሰው በየመንገዱ ጥግ አታገኝም። ርካሽ ዋጋ ፍለጋ የወጣህ ሰውዬ፣ ያኔ ዋጋህን ታገኛለህ!

«ትንሽ ትንሽ ይርገፈገፋል እንጂ ደህና ነው» ይላል። አያችሁ? ራሱ ሐኪም፣ ራሱ በሽተኛ! አራት ካንዴላ አለው፤ ለእያንዳንዱም አንድ ኮይል። እነዚህን ኮይሎች የሚያውቁት ባለቤቶች በ30,000 ማይል ገደማ ይቀይሯቸዋል። አንተ ካልቀየርክ ምን እንደሚመጣ ስማ። ኮይሉ ይደክማል። ካንዴላው በወጉ አያቀጣጥልም። ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው ይወርድና ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይነዳል። ካታሊቲኩ ቀልጦ ይደፈናል። ጭሱ መውጫ ያጣል። ሙቀቱ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ማሸጊያዎቹ ይነካሉ። ከመቶዎች ዶላር የማይዘል የኮይል ወጪ ፈርተህ ሞተር ቀበርክ! ካንዴላዎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የላይኛውን ታች፣ የታችኛውን ላይ ያሰረ መካኒክ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ሩጥ።

«የቼክ ኢንጂን መብራት ጠፍቷል እኮ!» ማን አጠፋው? ትናንት ማታ ሻጩ በመሣሪያ አጥፍቶት ከሆነስ? ኮዱ በቅርቡ የተሰረዘ መኪና ኮምፒውተሩ ራሱን መርምሮ ገና አልጨረሰም፤ «ዝግጁ አይደለሁም» ይላል። ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ሰክተህ ይህን ማየት ትችላለህ። ርካሽ ነገር ከወደድክ ይኸው፣ ይህን ግዛ!

«ኢንስፔክሽን አልፏል!» ደስ ይበለው። ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና በስምህ ሲዞር ኢንስፔክሽን ይጠይቅሃል፤ ቨርጂኒያም በየዓመቱ ያያል። የሚያዩት ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና መብራት ነው። ኮምፕሬሽን የሚለካ ኢንስፔክተር ግን የለም። የመንግሥት ሥራ አንተ በመንገድ ላይ ሰው እንዳትገድል ማየት ነው፤ ኪስህን እንዳትገድል ማየት የአንተ ነው።

«የፈረስ ጉልበቱ 250 ነው!» አለ። ፈረሱን ከየት አመጣኸው? ማዝዳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩን ከ247 ወደ 238 ዝቅ አድርጎ፣ ቅር ላለው ደንበኛ መኪናውን መልሼ እገዛለሁ ብሎ ነበር። ፋብሪካው ያስገባውን ፈረስ አንተ ቡና ቤት ታወጣዋለህ? ያውም ያንተ ኦቶማቲክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኦቶማቲኮች 197 ፈረስ ገደማ ነበራቸው፤ ቀይ መስመራቸውም 7,500 ላይ ይዘጋል። ማኑዋሉ እስከ 9,000 ይዘምራል። «ኦቶማቲክ ለትራፊክ ይመቻል» አልክ? ለትራፊክ ካምሪ ይመቻል። የዚህ መኪና ማሩ ማርሹ ላይ ነው!

«አራት በር ስላለው ለቤተሰብም ይሆናል!» እዚህ ላይ ቀስ በል። የኋላው በር ወደ ኋላ ነው የሚከፈተው። በውጭ በኩል እጀታ የለውም። የፊቱ በር ካልተከፈተ አይከፈትም። እስቲ እሑድ ጠዋት አማትህን ቤተ ክርስቲያን ስታደርሳቸው አስበው። ቅዳሴው ሊገባ ነው። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ይጠብቃሉ። አንተ ስልክ ላይ ነህ። የፊቱን በር ካልከፈትክላቸው ሴትዮዋ አይወርዱም! አንድ እሑድ ይታገሱሃል። ሁለተኛውን ለልጃቸው ይነግሩብሃል። ለኩፔ ግን ኋላው ሰው በእውነት የሚያስቀምጥ ነው፤ ይህን አልነፍገውም። ብዙ ኩፔዎች ኋላቸው ላይ ከቦርሳ ሌላ አይጭኑም።

ደግሞ መንገድ ዳር ነው የምታሳድረው አሉ፤ ዋሽንግተን ውስጥ። የመንገድ ጽዳት ቀን ሲደርስ ፒጃማህን እንደለበስክ ትወጣለህ፣ ታስነሣዋለህ፣ ማዶ ታሻግረዋለህ፣ ታጠፋዋለህ። አለቀ! ቀዝቃዛ ሮተሪ ሃያ ሜትር ተነድቶ ከጠፋ ነዳጅ ሊያፍነው ይችላል። በማግስቱ ሥራ ልትሄድ ብትለው ወይ ፍንክች። ካስነሣኸው እስኪሞቅ ንዳው፤ ከዚያ አጥፋው። አንዴ ከታፈነም ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠህ ሞተሪኖውን አዙር፤ ያኔ ነዳጁ ይቋረጥና ይተነፍሳል። ማዶ ለማሻገር ያልታገሠ ሰው ተጎታች መኪና ሲጠብቅ ይታገሣል!

«ዋስትና አለው!» የቱ ዋስትና? ማዝዳ የሮተሪውን ሞተር ዋስትና እስከ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሞ ነበር። መኪናው መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አስላው፤ ጣትህ ይበቃሃል። ነጋዴው መኪናው መስኮት ላይ የለጠፈውን ወረቀትስ አንብበኸዋል? «አዝ ኢዝ» ይላል፤ ከነጉድለቱ ውሰደው ማለት ነው። ዛሬ «አዝ ኢዝ» ብሎ የሸጠልህ ነገ ስትደውልለት «አዝናለሁ» ብሎ ይዘጋዋል! ታይትሉ «ሳልቬጅ» ከሆነ ደግሞ ሳል አያጣውም። ማይሉንም ዝም ብለህ አትመነው፤ በአሜሪካ ሕግ ሞዴሉ 2010 እና ከዚያ በፊት የሆነ መኪና ሲሸጥ ማይሉን በጽሑፍ የማረጋገጥ ግዴታ ቀርቷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! የጥገና ደረሰኝ ጠይቅ፤ ደረሰኝ ላይ ቀንም ማይልም አለ።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ልንገርህ። እነዚህ መኪኖች የታካታ ኤርባግ ተገጥሞላቸው ለጥገና ከተጠሩት ውስጥ ናቸው። ያ ኤርባግ ሲፈነዳ ብረት ሊረጭ ይችላል። የመኪናውን ባለ አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር መለያ ወስደህ በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ አስገባ፤ ጥሪው ተሠርቶለት እንደሆነ በነጻ ይነግርሃል። ካልተሠራለት የማዝዳ ወኪል ጋ በነጻ ይቀየራል። ይህን ሳታደርግ ሰው ከጎንህ አታስቀምጥ።

«በቃ፣ ካልሆነልኝ አገር ቤት እልከዋለሁ፤ እዚያ ይቸበቸባል!» አቤት! የመጨረሻው ካርታ ተጣለ። ወንድሜ፣ ዜና አትሰማም? ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ከዚያም በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከራሱ ዋጋ የሚበልጥ ግብር ጭኖበት ነበር። ሊብሬ አወጣለሁ ስትል ወደብ ላይ ነው የምትቀረው። ደግሞስ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላገኘኸውን የሮተሪ መካኒክ መርካቶ ልትፈልግ ነው? አዲስ አበባ ያለው ዘመድህ ምን በደለህ?

አሁን ከኋላ አንዱ «ታዲያ አትግዛ ነው የምትለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ማን አለ? እኔ ይህን መኪና እወደዋለሁ! እ.ኤ.አ. በ1991 ለ ማን ላይ ማዝዳ 787ቢ በሮተሪ ሞተር አሸንፎ ለጃፓን መኪና ሠሪዎች የመጀመሪያውን ድል ሲያመጣ፣ ዓለም ጆሮውን ይዞ ነው ያዳመጠው። የአርኤክስ-8 ሞተርም እ.ኤ.አ. በ2003 የዓመቱ ምርጥ ሞተር ተብሎ ተሸልሟል። ሞተሩ ትንሽና ቀላል ስለሆነ ወደ መሃል ተጠግቶ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ኩርባ ላይ መሪውን ስታዞረው አፍንጫው ያለ ልመና ይዞራል። ማኑዋሉን በሁለተኛ ማርሽ ይዘህ ወደ 9,000 ስትወጣ የሚሰማህ ጉልበት አይደለም፤ ጉልበት እንኳ ብዙ የለውም። የሚሰማህ ቅልጥፍና ነው። መንቀጥቀጥ የለ፣ መጮኽ የለ፣ ዝም ብሎ ይወጣል። ይህን የቀመሰ ሰው ስለ ነዳጅ ሲጠየቅ ይስቃል።

ግን መኪናው የሚገባው ሰው አለ፤ አንተ ገና አልሆንክም። የሚገባው ሰው የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ሊትር ዘይት ይዞ ይዞራል። የመግዣውን ያህል ገንዘብ ለሞተር ማሳደሻ ለብቻ አስቀምጧል። ኢንሹራንሱን ከመግዛቱ በፊት ጠይቋል። ቨርጂኒያ ከሆነ ካውንቲው በየዓመቱ የሚልከውን የመኪና ግብር ያውቃል። የተሻሻለ የዘይት አረጫጨት ያለውን፣ ከ2009 ሞዴል ወዲህ ያለውን፣ ካገኘ ጥቂት ጨምሮ ይወስዳል። ለሥራ ሌላ መኪና አለው፤ ቢያንስ ሜትሮ አጠገብ ይኖራል። አንተ ግን በዚህ መኪና ሌሊት ኡበር ልትሠራ አስበሃል! በ16 ማይል በጋሎን! መንገደኛህ ከኋላ በር መውጣት አቅቶት!

ኩፔ አማረኝ፣ ጣጣ አልፈልግም ካልክ ቶዮታ 86 አለልህ፤ እዚህ አገር መጀመሪያ በሳየን ስም የተሸጠው፤ መንትያው ደግሞ ሱባሩ ቢአርዜድ። ፒስተን አለው፣ 2 ሊትር ነው፣ 200 ፈረስ ገደማ አለው፣ ኩርባ ይወዳል። የ2013 ሞዴል ከሆነ የቫልቭ ስፕሪንግ ጥሪ ነበረበትና የት እንደተሠራለት ጠይቅ። ዋጋው ይበልጣል ትለኛለህ። አዎ ይበልጣል። ሰዉ ሞተሩ እንደሚሠራ ስለሚያውቅ ነው የሚበልጠው!

አቶ ቅናሽ፣ አትቆጣ፤ የምነግርህ ስለማዝንልህ ነው። አርኤክስ-8 ልቤን ወሰደው ካልክ ቅዳሜ የሮተሪ መለኪያ ያለው ጋራዥ ቀጠሮ ያዝ፤ የምርመራውን ከኪስህ ክፈል፤ እነዚያን ስድስት ቁጥሮች በወረቀት ተቀበል። ሻጩ «ኮምፕሬሽን አላስለካም» ካለ አትግዛው።